የእትዬን ፓስወርድ የማያውቅ የለም

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ኔትወርኩን የምሠራለት አንድ መሥሪያ ቤት አለ። ስሙ ይቅር። አምና የሒሳብ ክፍሏ ባልደረባ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ የእህታቸውን ልጅ ለመዳር ወረኢሉ ሄደው ሳምንት ቆዩ። ሲመለሱ በስማቸው የተሰረዘ ደረሰኝ ጠበቃቸው። ሲስተሙ «ሐሙስ ከቀኑ 9:20 ላይ እሳቸው ገብተው ሰረዙት» ይላል።

«ወላሂ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት እኔ ዳስ ውስጥ ወጥ ሳወጣ ነበር!» አሉ።

ማንም አልተጠራጠራቸውም። የሰረዘውን ሰው ግን ማግኘት አልተቻለም። የእትዬን ፓስወርድ የማያውቅ ሰው ቢሮው ውስጥ አልነበረማ። ኪቦርዱ ስር በወረቀት ተጽፎ ተቀምጧል። እኔም አውቀው ነበር። የጽሑፍ ማብራሪያ እንዲያቀርቡ የተጠየቁት ግን እትዬ ናቸው።

ይህን ያነሳሁት ሰሞኑን ደሴም ኮምቦልቻም ያሉ ኃላፊዎች አንድ ጥያቄ ስላበዙብኝ ነው። «አካውንት የሚጠብቀውን አዲሱን ሲስተም ለምን አናስገባም?» ይሉኛል። አስገቡ። እኔ ግን መጀመሪያ ከኪቦርዱ ስር ያለው ወረቀት ይነሳ ባይ ነኝ።

ድሮ የምንፈራው ቫይረስ ነበር። ፍላሽ ሲሰካ አንቲቫይረሱ ይጮሃል፣ እናጸዳለን፣ አለቀ። አሁን ሌባው ቫይረስ መሸከም አያሻውም። የአንድ ሠራተኛ ስምና ፓስወርድ ካገኘ እንደ ሠራተኛው ሆኖ ይገባል። በትክክለኛ ፓስወርድ የገባን ሰው አንቲቫይረስ ምን ብሎ ይክሰሰው? በ2021 እ.ኤ.አ. ኮሎኒያል ፓይፕላይን የተባለው የአሜሪካ ነዳጅ አስተላላፊ የተጠቃው በዚህ መንገድ ነው። ማንም የማይጠቀምበት፣ ያልተዘጋ፣ ሁለተኛ ማረጋገጫም (ከፓስወርዱ በተጨማሪ በስልክ የሚጠየቅ ማለት ነው) የሌለው አንድ የቪፒኤን አካውንት ነበር፤ ከርቀት ወደ ቢሮው ኔትወርክ የሚያስገባ። ለሌቦቹ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፈሉ። ማይክሮሶፍት ራሱ በ2023 መጨረሻ በአንድ አሮጌ የሙከራ አካውንት በኩል ተገብቶበታል።

ስለዚህ አዳዲሶቹ ሲስተሞች የሚጠብቁት ማሽኑን ሳይሆን ስሙን ነው። የማይክሮሶፍቱ ዲፌንደር ፎር አይደንቲቲ ለምሳሌ ዶሜይን ኮንትሮለሩ ላይ ይጫናል። ሠራተኛው ሁሉ ፓስወርዱን የሚያረጋግጥበት ሰርቨር ማለት ነው። እዚያ ቁጭ ብሎ ማን፣ መቼ፣ ከየትኛው ኮምፒውተር ገባ የሚለውን ያያል። እያየም የእያንዳንዱን ሰው ጸባይ ይለምዳል። ሒሳብ ሠራተኛዋ በውድቅት ሌሊት ሰርቨር ስትፈታትሽ ካገኘ ይጮሃል። አንድ ፓስወርድ በብዙ አካውንት ላይ ሲሞከርም እንዲሁ።

እንግዲህ የእትዬን ጸባይ ምን ብሎ ይልመድ? ጠዋት ሒሳብ ክፍል ናቸው፣ ከሰዓት ንብረት ክፍል፣ ማታ ደግሞ ተረኛው ልጅ በስማቸው ፊልም ያወርዳል። ለሲስተሙ እትዬ በአንድ ሰዓት ሦስት ቦታ የሚታዩ ወልይ ናቸው። ወይ በየቀኑ እየጮኸ ያሰለቸንና እናጠፋዋለን፣ ወይ ነገሩን ለምዶት ዝም ይላል። ገንዘቡ ግን ወጥቷል።

በነገራችን ላይ ሰውን ሌላ አገር ያለ የሚያስመስለው የግል ቪፒኤንም አለ። ኢንተርኔት ሲዘጋጋ ሁላችንም ተምረነዋል። ደሴ ቁጭ ብሎ ሆላንድ የሚገኝ ሠራተኛ ስንት ነው! «ይህ ሰው በአሥር ደቂቃ ከደሴ አውሮፓ ደረሰ» የሚለው ማስጠንቀቂያ እኛ ዘንድ ግማሹ ይሄው ነው። የቢሮ አካውንት በግል ቪፒኤን አይከፈትም የሚል ደንብ ካልቀደመ እውነተኛው ሌባ እዚያው መሃል ይደበቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይሉኝታው ነው። እኛ አገር «አይሆንም» ማለት ነውር ነው። አንዱ ተጨንቆ «ፓስወርድሽን አንዴ» ካለ «አብሽር» ተብሎ ይሰጠዋል። የሚገርመኝ እነዚሁ ሰዎች የቴሌብር ፒናቸውን ለባላቸው እንኳ አይነግሩም። ኪሳቸው ነዋ። የቢሮው የመንግሥት ነው፣ የድርጅቱ ነው።

ሌቦቹ ይህን ደግነት ያውቁታል፣ ወሎ ድረስ መምጣት እንኳ ሳያስፈልጋቸው። በ2022 የታክሲ ጥሪ ኩባንያውን ኡበርን የደፈረው ሰው የአንድ ኮንትራት ሠራተኛ ፓስወርድ ነበረው። ሁለተኛውን ማረጋገጫ፣ «ይፈቀድ?» የሚለውን መልእክት፣ ስልኩ ላይ ደጋግሞ ላከበት። ከዚያ በዋትስአፕ «የአይቲ ክፍል ነኝ፣ ፍቀድና ይቆማል» አለው። ፈቀደ። ከዚህ ዓይነቱ ነገር በኋላ ማይክሮሶፍት ከግንቦት 2023 ጀምሮ በማረጋገጫ አፑ ላይ «ፍቀድ» የሚለውን ብቻ መንካትን አስቀረ። አሁን የሚገባው ሰው ስክሪኑ ላይ የሚያየውን ቁጥር ስልኩ ላይ መጻፍ አለበት። ይህን ለውጥ እወደዋለሁ። ሰውን ክፉ ሁን አይልም፣ ሳያዩ እሺ ማለትን ግን ያከብዳል።

ለእኛ ደግሞ ለሁለተኛ ማረጋገጫ አፑ ከኤስኤምኤስ ይሻላል። ኔትወርክ ሲጠፋ ኤስኤምኤሱ አይደርስም። በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየረውን ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ግን ስልኩ ያለ ኔትወርክም ይሰጣል፣ ሰዓቱ ትክክል ይሁን እንጂ።

«ፓስወርድ በየሦስት ወሩ ይቀየር» የሚለውንም ደንብ ተዉት። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተሰረቀ የሚል ፍንጭ ሳይኖር አታስቀይሩ ይላል። እኛ ጋ ውጤቱ ያው «ደሴ2015» ወደ «ደሴ2016» ማደግ ነው።

ገንዘብ ለሌለው ቢሮ ደግሞ አንዲት ወጪ የማትጠይቅ ዘዴ አለች። ስሙ ትልቅ፣ ሥልጣኑ ባዶ የሆነ አካውንት ክፈቱ። ማንም አይጠቀምበት። የነካው ሰው ካለ ሊሰርቅ የገባ ወይም የሚፈታትሽ ነው። ወጥመድ ናት።

ከዚያ በፊት ግን የአካውንቱን ዝርዝር አውጥቶ ስም በስም መጥራት። እኔ እዚያ ቢሮ ይህን ሳደርግ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ ወጥተው ያልተመለሱ ሰዎች አካውንት እስካሁን ክፍት ነው። አንዱ ስም ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ቀብራቸው ላይ የቆምኩላቸው ሰውዬ ናቸው። አካውንታቸው ግን ዝርዝሩን ባወጣሁበት ዕለት ጠዋት ገብቷል!

ሰኞ ማታ ዘጋሁት። ማክሰኞ ጠዋት 2:40 ላይ እትዬ ደወሉ፤ «አንተ ልጅ፣ ፕሪንተሩ ምን ነካው?» ለካ ሲተከል በነፍስ ኄር ስም ነበር የተተከለው።