ሰሙን ያየ የለም

የሐዋሳ ግጥም አንባቢ ይባረክ! እንደሱ ያለ ጥልቅ ሰው የትም አይገኝ። እሁድ አመሻሽ ላይ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው ቦታ ብቅ በሉና እዩት። አንዱ ይነሳል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ስለ ሐይቁ ያነባል። ሰሚው ሁሉ ዓይኑን ይጨፍናል። ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ውሃ አፍንጫ ሥር ተዘርግቶ አለማየት እኮ ቀላል ችሎታ አይደለም።

ከዚያ ትንታኔው ይመጣል። ሐይቁ ሐይቅ አይደለም፤ ጥላው የሄደች ልጅ ናት። ሾላው አገር ነው። ጉማሬው (እዚህ ላይ ድምፅ ይቀነሳል) ባለሥልጣን ነው። ቆሮሶ እንኳን ዓሣ ሆኖ አያድርም። ሰምና ወርቅን ከእናቱ ጡት የጠባ ሕዝብ ሰም ላይ ምን አቆመው? ወርቁን አንጠልጥሎ ይሄዳል።

ባለፈው አንዲት ተማሪ ደፈረች። «ሐይቁ ዝም ብሎ ሐይቅ ቢሆንስ?» አለች። ጸጥ አልን። እሷ እቴ፣ ቀጠለች። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ መውጫ ወንዝ ግን የለውም አለች። ውሃው ይተናል፤ የጣልንበት ፌስታል አብሮ አይተንም። ገጣሚው «ሁሉን ዋጥ አርገሽ የማትመልሺ» ሲል ይህንኑ አይቶ ይሆናል። ጎረቤቱ ጨለለቃም ድሮ ሐይቅ ነበር፤ ደለል ሞላውና ረግረግ ሆነ።

«ጨለለቃ ደግሞ የማን ምሳሌ ናት?» አለ አንዱ፣ ማስታወሻውን እያወጣ።

የልጅቷ ነውር ገባችሁ? ግጥሙን ከሰሙ ጀመረችው! አንድ ጋሼ በአባት ወግ መለሷት፤ «ልጄ፣ እኛ ግጥም ነው የምናነበው፣ የጽዳት ዘመቻ አልወጣንም።» አዳራሽ ቢሆን ጣሪያው ይነሳ ነበር፣ እንዲያ ነው ያጨበጨብነው። እኔማ እጄ ላይ ያለው ባዶ ሃይላንድ አላስጨበጭብ ስላለኝ ቄጠማው ውስጥ ወርወር አደረግኩት። ለጥበብ የማይከፈል ዋጋ የለም።

ትንሽ ቆይቶ ነፋሱ ሃይላንዱን እያንሳፈፈ ወደ ዳር መለሰው። ገጣሚያችን አየው። ብዙ ቆይቶ ተነፈሰ።

«ስደተኛው ወንድማችን ነው» አለ።