ሾፌሩን ማን ገደለው?

እኛ ቤት ፊልም ሲታይ አንድ ሕግ አለ። የወጣው በእኔ ላይ ነው፤ ያወጣችው ባለቤቴ ናት፤ ይግባኝ አይባልበትም። «መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይደለም» ማለት የምችለው በአንድ ፊልም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከደገምኩ አቦል ይቀርብኛል፤ ቶናም አይደርሰኝም፤ ሰው ሁሉ ጠጥቶ ጠጥቶ ከቀጠነው በረካ እጀምራለሁ። ስለዚህ ያቺን አንዷን ፈቃዴን፣ ሽጉጡ ውስጥ አንዲት ጥይት እንደቀረችው ሰው፣ ቆጥቤ ይዣት እቀመጣለሁ።

ነገሩ የጀመረው ፓርኪንግ ቤት ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ይዤ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቁጭ እላለሁ። መኪና በሰዓት አንድ ቢመጣ ነው። መጀመሪያ ስልኬን ጨረስኩ፣ ከዚያ ዘመዶቼን ጨረስኩ፤ አዲስ አበባ ያሉት ሁሉ «አሁን ሥራ ላይ ነኝ» ማለት ጀመሩ። በመጨረሻ ቤተ መጻሕፍት ያረጁበትን መጻሕፍት አውጥቶ ሲሸጥ በአንድ ዶላር የሬይመንድ ቻንድለርን «ትልቁ እንቅልፍ» ገዛሁ። የገዛሁትም ልቦለዱን አውቄው ሳይሆን የምኖርበት ከተማ ታሪክ ነው ስለተባልኩ ነው።

መጽሐፉ የሚጀምረው በፈረንጆቹ ጥቅምት አጋማሽ፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ፊሊፕ ማርሎው የሚባለው የግል መርማሪ ተላጭቶ፣ ታጥቦ፣ ውኃ ሰማያዊ ሱፉን ለብሶ፣ እንደ ሽማግሌ የተላከ ሰው አምሮበት የአንድ ሚሊየነር ጄኔራል ቤት ይገባል። ሰማዩ ጠቁሯል። ከዚያማ ይዘንባል! ነሐሴ ነው የሚመስለው። እኔ በዚህ ከተማ ጃንጥላ ከገዛሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ የዋጋው ወረቀት እስካሁን አልተነሳለትም። ግን አመንኩት። ያ ሰው ቢጽፍ አሸዋ ላይም ዶፍ ያወርዳል።

ቻንድለር በ1888 ቺካጎ ተወልዶ እንግሊዝ አገር ያደገ፣ እዚሁ ሎስ አንጀለስ የነዳጅ ኩባንያ ትልቅ ሹም የነበረ ሰው ነው። በ1932 ከመጠጡም ከመቅረቱም የተነሳ ተባረረ። ወደ ጽሑፍ የገባው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ ይህ የመጀመሪያ ልቦለዱ በ1939 ሲታተም ሃምሳን ደፍኖ ነበር። ይህን በደስታ ለባለቤቴ ነገርኳት፤ «አየሽ፣ እኔም ገና ነኝ» ለማለት። እሷ ግን የሰማችው ሌላ ነው፤ «ምነው፣ መባረር አምሮሃል?» አለችኝ።

ማርሎው በቀን 25 ዶላርና ወጪውን ያስከፍላል። እኔ እንደማስበው ፌርፋክስ ላይ፣ ሊትል ኢትዮጵያ መካከል ቢሮ ቢከፍት ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት ይዘጋ ነበር። ምክንያቱም ጎረቤቴ እትዬ አስካለ አሉ። እትዬ የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሴት ናቸው። ማን ወረቀቱ እንደመጣለት፣ ማን ቤቱን ለቆ መኪናው ውስጥ እያደረ እንደሆነ፣ የማን ቀለበት ለምን እንደተመለሰ፣ ባለጉዳዩ ሳያውቅ ያውቃሉ። ማርሎው መረጃ ለማግኘት ሦስት ጊዜ ጭንቅላቱን ይመታል፤ እሳቸው አንድ ስኒ ቡና ከነፈንዲሻው ይበቃቸዋል። ደግሞም ጥያቄ አይጠይቁም። «እንዲያው ነገሩስ…» ብለው ዝም ይላሉ፤ ተጠርጣሪው ራሱ ይጨርሰዋል።

ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ቤት ቡና አለ። እኔ ከቤተ መጻሕፍት ዲቪዲ እየተዋስኩ የድሮ የወንጀል ፊልሞችን አመጣለሁ። ፈረንሳዮች በ1946 «ጥቁር ፊልም» ብለው ስም ያወጡላቸው እነዚያን። እትዬ መጀመሪያ «ጥቁር ፊልም» ብዬ ስነግራቸው የጥቁሮች መስሏቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ከዚያ ባርኔጣ ያደረገ ነጭ፣ ሲጋራ፣ ከዚያ ሌላ ባርኔጣ ያደረገ ነጭ። «ጥቁሩ መቼ ነው የሚመጣው?» አሉኝ። «ጥቁሩ ልባቸው ነው እትዬ» አልኳቸው፤ ተስማማን።

የመጀመሪያውን ጥይቴን ያባከንኩት በ«የማልታው ጭልፊት» ነው። ደራሲው ዳሺል ሀሜት ራሱ ፒንከርተን በሚባለው የግል ምርመራ ድርጅት መርማሪ ሆኖ የሠራ ሰው ስለሆነ የሚጽፈውን ያውቃል። በ1930 በታተመው መጽሐፉ መርማሪውን ሳም ስፔድን ሲስለው ረጅም፣ ፀጉሩ ወርቃማ፣ አገጩም ቅንድቡም እንደ ሹል ማዕዘን የተቀረጸ፣ መልከ መልካም ሰይጣን ያስመስለዋል። በ1941ዱ ፊልም የመጣው ግን ሀምፍሪ ቦጋርት ነው፤ አጠር ያለ፣ ጠቆር ያለ፣ ሌሊቱን ያልተኛ የሚመስል። ከዚህ ሆኖ አገር ቤት ላለች ሙሽራ የአጎቱን ልጅ ፎቶ የላከ ሰው አውቃለሁ፤ ቦሌ ኤርፖርት ላይ የሆነው ልክ ይህ ነው። ልጅቷም እንደ እኛው ለመደችው፤ አሁን ሌላ ሳም ስፔድ ቢያመጡላት አትቀበልም።

እኔ ግን አልቻልኩም። «መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይደለም፤ ፀጉሩ ወርቃማ ነው» አልኩ።

«ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው» አለች ባለቤቴ፤ «በምን አወቅክ?»

ጥይቷ እንዲህ ሄደች። የሚቆጨኝ ደግሞ ያ ፊልም ብዙም ነቀፋ የማይወጣለት መሆኑ ነው። አዘጋጁ ጆን ሂውስተን የመጀመሪያ ሥራው ስለነበር ይሁን ትሕትና ይዞት፣ ንግግሩን አብዛኛውን ከመጽሐፉ እንዳለ ነው ያነሳው። ከእሱ በፊት ያው ስቱዲዮ ሁለት ጊዜ ሞክሮት ነበር፤ በ1931 እና በ1936። በ1936ቱ ሙከራ ጭልፊቱ ቀርቶ ዕንቁ የታጨቀበት የጥንት ቀንድ ሆኗል። ጭልፊት አምጣ ተብሎ ተልኮ ቀንድ ይዞ የሚመለስ ሰው በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም፤ ለዚህ ሲባል ግን ፊልም አይሠራም።

የጄምስ ኬይን ነገር ለብቻው ነው። «ፖስተኛው ሁልጊዜ ሁለቴ ይደውላል» የሚለውን የ1934 መጽሐፉን ሌሊቱን ሙሉ ፖስተኛውን ስጠብቅ ጨረስኩት። ፖስተኛ የለም። አንድም ገጽ ላይ የለም። ደብዳቤውን ፖስታ ሣጥን ድረስ ሄዶ ሲያወጣ ላደገ ሰው ይህ ቅር ያሰኛል፤ በር ድረስ የሚመጣ ፖስተኛ ላይ ነበር ጉጉቴ ሁሉ።

«እጥፍ ካሳ» በሚለው ሌላው መጽሐፉ ላይ የኢንሹራንስ ሠራተኛና የደንበኛው ሚስት ተማክረው ባልየውን ይገድላሉ፤ በባቡር አደጋ የሞተ አስመስለው፤ ምክንያቱም በባቡር ከሆነ ክፍያው እጥፍ ነው። ለእትዬ «ኢንሹራንስ የፈረንጅ እድር በሉት» ብዬ አስረዳኋቸው።

«በባቡር የሞተ ለምን ይበልጣል? የሞት ትንሽ አለው?»

«ውሉ ነው እትዬ።»

«ታዲያ ሚስትየዋ ምን ታድርግ? እነሱ ናቸው ያሳሳቷት» አሉ። «የኛ እድር ድንኳን ነው፣ ወንበር ነው፣ ትንሽ ብር ነው። እሱም ለቀስተኛ ለማብላት አይበቃም። በእድር ሒሳብ ባሏን የምትገድል ሴት ከሳሪ ናት።»

ስለዚህ ዓይነቱ ልቦለድ ብዙ የተማሩ ሰዎች ጽፈዋል፤ አንዱም ግን ወደ እድር መተዳደሪያ ደንብ አልወረደም።

ከዚሁ መጽሐፍ የተሠራው ፊልም ነገር ደግሞ እኔን ያዋረደኝ ነው። በ1944 ቢሊ ዋይልደር ሲሠራው ጽሑፉን አብሮት የጻፈው ያው ቻንድለር ነበር። ሁለቱ ዓይን ለዓይን መተያየት አይወዱም ነበር፤ አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግተው እየተናቆሩ ጻፉት። በመጽሐፉ መጨረሻ ገዳዮቹ መርከብ ላይ ሆነው፣ ከኋላቸው ሻርክ እየተከተለ፣ ራሳቸውን ባሕር ሊጥሉ ይወስናሉ። ፊልሙ ሻርኩን አባሮ ቢሮ ውስጥ ጨረሰው፤ የቆሰለው ሰው ሲጋራውን መለኮስ ሲያቅተው፣ ገዳዩን ሲያሳድድ የነበረው የመሥሪያ ቤት ባልደረባው ክብሪት ጭሮ ይለኩስለታል። በቃ። ኬይን ራሱ አይቶ መጨረሻው ከእኔ ይሻላል ብሏል። ደራሲው ካመነ እኔ የማን ጠበቃ ነኝ? ያን ቀን ፈቃዴን ተጠቅሜ «መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይደለም፤ ፊልሙ ይበልጣል» አልኩ። ባለቤቴ ተነስታ መጥታ ግንባሬን ዳሰሰች።

ከዚያ ነው በክፉ ቀን «ትልቁ እንቅልፍ»ን ያመጣሁት። የ1946ቱን፣ ሃዋርድ ሆክስ ያዘጋጀውን፤ ቦጋርትና ሎረን ባኮል ያሉበትን። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ዊሊያም ፎክነር ነው፤ ስለዚህ ሳይገባኝ ቢቀር አላፍርም ብዬ ገባሁበት።

ገና ከጅምሩ እትዬ ያዙኝ። ጋይገር የሚባለው ሰውዬ የመጻሕፍት መደብር አለው፤ ሰው ሁሉ እየተሳቀቀ ይገባል፣ እየተሳቀቀ ይወጣል። «መጽሐፍ መሸጥ ወንጀል ነው እንዴ እዚህ አገር?» አሉ። መጽሐፉ ላይ ነገሩ ግልጽ ነው፤ የሚያከራየው የብልግና መጽሐፍ ነው። ፊልሙ ግን ከ1934 ጀምሮ ሆሊዉድን እንደ ንስሐ አባት ሲቆጣጠር በነበረው ደንብ ምክንያት ትንፍሽ አይልም። ጥይቴን እዚህ ላይ ልተኩስ ነበር፤ ግን ለእትዬ በምን ቃል? «ያረጀ መጽሐፍ ነው የሚሸጠው» ብዬ አለፍኩት።

ቀጥሎ የጄኔራሉ ሾፌር፣ ኦወን ቴይለር፣ ከነመኪናው ባሕር ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ማርሎው አየው፣ ባርኔጣውን አስተካከለ፣ ሄደ። ፊልሙም አብሮት ሄደ። አንድ ሰው ሞተ፣ ሌላም ሞተ፣ ቦጋርትና ባኮል ተሽኮረመሙ፣ ደግሞ ሌላ ሰው ሞተ። አለቀ።

«ሾፌሩን ማን ገደለው?» አሉ እትዬ።

ዝም አልኩ። መጽሐፉን ሁለት ጊዜ ያነበብኩት ሰውዬ ዝም አልኩ። ባለቤቴ ደስታዋን ለመደበቅ ከሰሉን አራገበች።

ለነገሩ እትዬ ብቻቸውን አይደሉም። ፊልሙ ሲሠራ ሆክስና ቦጋርት በዚሁ ሾፌር ተከራክረዋል፤ ተገደለ ወይስ ራሱን ገደለ? ተከራክረው ሲያቅታቸው ለቻንድለር ቴሌግራም ላኩለት። ቻንድለር እኔም አላውቅም አለ፤ ይህን ራሱ በደብዳቤ ጽፎታል። ልቦለዱን የሠራው ቀደም ብሎ መጽሔት ላይ ያወጣቸውን አጫጭር ታሪኮች አዋህዶ ነበር። ያደረ እንጀራ ፍርፍር አድርጎ ሲያቀርብ አንድ ቁራሽ ወጥ ሳይነካው ቀረ፤ ቁራሹ ሾፌሩ ነው። ፊልሙ ደግሞ በ1945 አልቆ ለወታደሮች ከታየ በኋላ፣ ማን ማንን እንደገደለ የሚያብራራው ትዕይንት ወጥቶ በምትኩ የሁለቱ ማሽኮርመም ገባበት። የሽማግሌዎቹን ምርቃት ቆርጦ ጭፈራውን ያረዘመ የሰርግ ቪዲዮ ያየ ሰው አይገርመውም።

ያቺን አንዷን ፈቃዴን አውጥቼ ይህን ሁሉ ለእትዬ ተረኩላቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ማን እንደገደለውስ ይቅር። ማን ቀበረው?»

«እ?»

«ሞቶ ከባሕር ወጣ። ጌታው ሀብታም ናቸው፤ ሁለት ልጆች አሏቸው። አንዱ አላለቀሰለት፣ ድንኳን አልተተከለለት፤ እንደ እኔ ያለች እናት የለችውም?»

ያኔ ትዝ አለኝ፤ የእትዬ ባል፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ።

ሳምንቱን ሙሉ በሌሊቱ ፈረቃ መጽሐፉን ለሦስተኛ ጊዜ አነበብኩት፤ በዚህ ጊዜ ገዳይ ሳይሆን ቀባሪ ፍለጋ። ዝናቡ አለ፣ መኪናው አለ፣ ከባሕሩ መውጣቱ አለ። ቀብሩን አጣሁት። ሁለት ደንበኞች ሳይከፍሉኝ አለፉ ማለት ይቻላል፤ ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

ቅዳሜ እትዬ ጫማቸውን በር ላይ እያወለቁ፣ «አገኘኸው?» አሉኝ።

«አላገኘሁትም እትዬ።»

«ስሙን ማን ብለኸኝ ነበር?»

«ኦወን።»

«የክርስትና ስሙንስ?»

«እሱ መጽሐፉ ላይ የለም።»

ባለቤቴ ከጀበናው ቀና ሳትል፣ «ሁለተኛህ ነው» አለች።

«የቱ ሁለተኛ? ፊልሙ ካለቀ ሳምንቱ!»

«እትዬ መዝገቡን ዘግተውታል?»

እትዬ አልዘጉትም። «ነፍስ ይማር» ብለው ተቀመጡ፤ አቦሉ በፊቴ አልፎ እሳቸው ዘንድ ሄደ።