ያ የብረት በር

ወገኖቼ፣ ኦገስት 18 ቀን 2019 እሑድ ጠዋት ዋሽንግተን ዲሲ፣ ኬኔዲ ጎዳና ላይ አንድ ቤት ተቃጠለ። ያለ ኪራይ ፈቃድ በጠባብ ክፍሎች ተሸንሽኖ ለተከራይ የተሰጠ ቤት ነበር፤ ከተከራዮቹ ብዙዎቹ ሐበሾች። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከእሳቱ ጋር ሊታገሉ መጥተው ከብረት በር ጋር ታገሉ። ሁለት ሰው ሞተ። አንዱ የ40 ዓመት ጎልማሳ፣ ሌላው የ9 ዓመት ሕፃን። ሁለቱም የእኛ ነበሩ።

ያንኑ ቤት ማርች ላይ አንድ ፖሊስ አይቶት ነበር። ጉድለቱን ጽፎ ለሚመለከተው ክፍል አሳወቀ። ተቆጣጣሪው ተመላልሶ አንኳኳ፣ ሳይገባ ቀረ፣ ጉዳዩ ተዘጋ። ከዚያ አምስት ወር አለፈ። አምስት ወር ሙሉ ያ ልጅ በሕይወት ነበር!

ከተማውን መውቀስ ይገባል፤ ወቅሰናልም። እኛስ? «እገሌ ቤዝመንት (ምድር ቤት) አለው፣ ርካሽ ነው» ብለን ለአዲስ መጪ ስልክ ቁጥር የሰጠን ማን ነን? መስኮቱ ይከፈታል ወይ ብለን ጠይቀናል?

ሞርጌጅ፣ የቤት ብድሩ፣ ከባድ ነው፣ ማከራየትም ነውር የለበትም። ባለቤቱ እዚያው እስከኖረ ድረስ ዲሲ በብዙ ሰፈር በዚያው ቤት ውስጥ ሁለተኛ መኖሪያ ይፈቅዳል። መጀመሪያ ፐርሚት (የግንባታ ፈቃድ)፣ ሥራው ሲያልቅ ፍተሻ፣ ከዚያ የኪራይ ላይሰንስ (ፈቃድ)።

መኝታ ክፍል ሰው የሚወጣበት መስኮት ይኑረው። ክፍት ቦታው 5.7 ስኩዌር ፊት፣ ከምድር ጋር ለሚስተካከል 5፤ ከፍታው ከ24 ኢንች፣ ስፋቱ ከ20 ኢንች አያንስም፤ ከወለሉ እስከ ደፉ ከ44 ኢንች አይበልጥም። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ 20 በ24 አስገጥመው «ሕጉን አሟላሁ» ይላሉ፣ ሲባዛ የሚመጣው ግን 3.3 ስኩዌር ፊት ብቻ ነው። ስፋቱ 20 ከሆነ ለ5.7 ከፍታው 41 ኢንች ገደማ መድረስ አለበት። የሌባ መከላከያ ፍርግርግ ካለ ከውስጥ ያለ ቁልፍና ያለ መሣሪያ ይከፈት። በጭስ ውስጥ ቁልፍ የሚፈልግ ሰው አያገኝም። የጭስ ማስጠንቀቂያውም በየመኝታ ቤቱ፣ ከመኝታ ቤቶቹ ውጭና በየፎቁ ተተክሎ እርስ በርሱ ይያያዝ፤ ላይ ሲነድ ታች የተኛው ይንቃ።

ይህ ብዙ ጊዜ እንደተባለ እናውቃለን። ደክሞናልም። ግን ዛሬ ማታ አንድ ሰው እንኳ ወደ ቤዝመንቱ ይወርድ ይሆናል። ውረዱና መስኮቱን ክፈቱ። አልከፈት ካለ፣ እስኪሠራ ድረስ ተከራያችሁን ከእናንተ ጋር ፎቅ ላይ አሳድሩት። ሶፋም ይበቃዋል።