ወሬው ሲያልፍ ቀኑ እንዳይጠፋ

ወሬ ሲታፈን ምን እንደሚያስከፍል ወሎ ያውቀዋል። በ1965 ረሃቡ ሕዝቡን ሲፈጅ የንጉሡ መንግሥት ደበቀው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሱት ፎቶግራፍ አዲስ አበባ ላይ ቢታይም፣ ዓለም ጉዱን ያየው በጥቅምት 1966 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ነው። ደርግ ይህንኑ ፊልም ንጉሡን ሊያወርድ አንድ ቀን ሲቀረው፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ለሕዝብ አሳየ። ያው ደርግ 10ኛ ዓመቱን ሲደግስ ግን ኮረም ላይ የሚረግፈውን ሰው ሸሸገ፤ ኮረም ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ነበረች።

ዛሬ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን (ሳንሱርን) በማንኛውም መልኩ ይከለክላል። ሆኖም የካቲት 2015 ላይ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተዘጉ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔቱ ራሱ ጠፋ፤ በብዙ ቦታም አንድ ዓመት ገደማ ጠፍቶ ቆየ። ቪፒኤን፣ ማለትም የተዘጋን ገጽ በሌላ አገር በኩል አዙሮ የሚያስከፍት መተግበሪያ፣ የሚያዋጣው ለመጀመሪያው ዓይነት መዝጋት ብቻ ነው። መስመሩ ሲቆረጥ አንዳች አይፈይድም።

ያን ጊዜ የሚቀረው ሬዲዮ ነው። አጭር ሞገድ ማታ ማታ በ41 እና በ49 ሜትር፣ ቀን ደግሞ በ16 እና በ19 ሜትር አካባቢ ይሻላል። ከ5 እስከ 10 ሜትር የሚሆን የመዳብ ሽቦ ጫፉን ልጦ አንቴናው ላይ ጠምጥሞ በመስኮት ማውጣት ድምፁን በጣም ያጠራዋል። የስልክ ቻርጀርና ኤልኢዲ አምፖል ጣቢያውን በጩኸት ስለሚሸፍኑት ይነቀሉ። ጩኸቱ ከዚያም በኋላ ካልለቀቀ ሆን ተብሎ እየታፈነ ሊሆን ይችላል፤ ጣቢያዎች ብዙውን ጊዜ በአንድ ሰዓት በተለያዩ ሞገዶች ስለሚያሰራጩ ወደ ሌላው ማለፍ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን መስማቱ አይደለም፤ ሰው መስማቱንስ መቼም አላቆመም። ሰኞ ባቲ ገበያ የዋለ ነጋዴ ያመጣው ወሬ ማታ ደሴ አቦል ላይ ይነገራል። የሚጠፋው ባለቤቱ ነው። «ሁለት ሰው ሞተ አሉ» ይባላል፤ ማን አለ? በሦስተኛው ቤት ሁለቱ ሃያ ይሆናሉ፤ የደበቀው ወገንም ያቺን ሃያ ይዞ የሁለቱም ሞት ሐሰት ነው ይላል። ስለዚህ ቡናው ላይ «አይተህ ነው ሰምተህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር መሆኑ ይቅር።

ቪዲዮና ፎቶም እንዲሁ ነው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ምስሉ ይጨመቃል፤ የተነሳበት ቀንና ቦታም ይወልቃል። በፋይል ወይም በብሉቱዝ ሲላክ ግን ሁሉም እንዳለ ይሄዳል፤ ቤት ሆኖ የተነሳ ከሆነ የአንሺው ቤት ያለበት ቦታ ጭምር። ሰው የሚያስይዘው ይኸኛው ነው። በእጅ ለእጅ የሚዞረው ቅጂ ቦታው የወለቀና ፊት የተሸፈነበት ይሁን። ዋናው ሳይነካ፣ የፋይሉ ስም ላይ ቀኑ ተጽፎበት፣ በሁለት ሚሞሪ ካርድ ይገልበጥ። ሁለቱ ካርዶች አንድ ቤት አይደሩ፤ አንዱ በፍተሻ ቢወሰድ ሌላው መትረፍ አለበት።