እቺው ናት! ለአገጭ ካርታ የቀረበ ምስጋና

ለሰሜን ሸዋ ሰው አገጭ ሐውልት ሊቆምለት ይገባል። የምሬን ነው። ሳተላይት ሳይመጥቅ፣ ካርታ ስልክ ውስጥ ሳይገባ፣ መንገደኛ ሲመራ የኖረው ይኸው አገጭ ነው። መንዝ ውስጥ አንድ ገበሬ አቁማችሁ «ጓሳ ስንት ይቀራል?» በሉት። እጁን አያነሳም፤ ብርድ ነው፣ እጁ በርኖሱ ውስጥ ነው። አገጩን ቀና ያደርግና «እቺው ናት!» ይላችኋል። ሦስት ሰዓት በእግራችሁ ትሄዳላችሁ። ሌላ ሰው ታገኛላችሁ። እሱም አገጩን ቀና ያደርጋል። «ደርሳችኋልኮ፣ እቺው ናት!»

ይህን ጥበብ እያደነቅሁ ነው ያደግሁት። መንገዱን በኪሎ ሜትር የሚቆጥር ሰው ገና ጫማውን ሳያስር ይደክመዋል። በአገጭ የሚለካ ሰው ግን የሚደክመው ከደረሰ በኋላ ነው። ባለፈው እሁድ ደግሞ ይህ የአባቶቻችን አገጭ ባሕር ሲሻገር በዓይኔ አየሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ትኖራለች። «እስኪ አንድ ጊዜ ኑና እዩኝ፣ ሁለት ሳምንት አብረን አገር እንይ» ብላ ቮይስ ላከች። ከቅዳሴ መልስ ደብረ ብርሃን እማዬ ቤት ሸንጎ ተቀመጠ። ከሰሉ ፈክቷል፣ ቡናው ቀርቧል፣ የገብስ ቆሎው በሰፌድ መሃል ላይ ነው። ሰብሳቢው ጋሼ ናቸው፣ የእማዬ ወንድም። ጋሼ ከአገር ወጥተው አያውቁም። ሰብሳቢ የሆኑትም ለዚሁ ነው። አይቶ የመጣ ሰው ያመነታል፣ «እንደ ሁኔታው ነው» ይላል። ያላየ ሰው ነው ቆራጥ።

የታላቅ እህቴ ልጅ ስልኳ ላይ የአውስትራሊያን ካርታ አወጣች። ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ እንደ ዕድሜ እኩዮቿ ሁሉን ነገር አጣርታ መናገር ትወዳለች። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

«ይቺ ናት እንዴ?»

«ጋሼ፣ ኢትዮጵያን ሰባት ጊዜ ታክላለች። እኛ 1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ነን፣ እሷ 7.7 ሚሊዮን።»

ጋሼ ስልኩን ተቀበሉና «አሁን የእኛን አምጪልኝ» አሏት። አመጣችላቸው። ኢትዮጵያም ከዳር እስከ ዳር ስልኩን ሞላችው። «ይኸው! እኩል ናቸው» አሉ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይቅረብ? ስልኩን በአውራ ጣት ለኩት። ሜልቦርንና ሲድኒ መሃላቸው የጥፍር ያህል ነው። አገሪቱ በሙሉ ከምሥራቅ ምዕራብ አንድ ስንዝር አትሞላም። «ሁለት ሳምንት ይተርፈናል፤ ምናልባት ዙረት እንዳይሰለቸን» ብለው ሰጉ።

ከዚያ «እግረ መንገድ» መጣ። ይህ ቃል የተገኘበት ቀን በብሔራዊ ደረጃ ይከበርልኝ። ሌላው ዓለም አንድ ቦታ ይሄዳል፣ ይመለሳል። እኛ እግረ መንገድ አለን። የአክስቴ ልጅ ፐርዝ ነው ያለው። እማዬ «ያን ሁሉ አገር አቋርጠን እሱን ሳናይ ብንመለስ ምን ይባላል? ቅያሜ ነው። እግረ መንገዳችንን ብቅ እንበልበት» አለች። ከሜልቦርን ፐርዝ በመኪና 3,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 13 ጊዜ ደርሶ መልስ እንደማለት። እሱም መሄጃው ብቻ። ግን የአክስት ልጅ ነው፤ ብቅ ካላሉበት ይቀየማል።

ወንድሜም ተራው ደረሰው። «ሲድኒ ከደረስን ወደ ላይ ወጣ ብለን ኬርንስን ማየት ነው፤ ያ 2,300 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ኮራል ያለበት ባሕር እኮ እዚያ ነው» አለ። የዚያ «ወጣ ማለት» ርዝመት 2,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከኬርንስ ስንወርድ ደግሞ በረሃው መሃል ያለውን ቀይ ዓለት፣ ኡሉሩን፣ እናያለን። ካርታው ላይ በእርግጥ ቁልቁል ነው። ልጅቷ ደማመረችው። ሜልቦርን፣ ሲድኒ፣ ኬርንስ፣ ኡሉሩ፣ ፐርዝ፣ ተመልሶ ሜልቦርን፤ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ መጣ። በ14 ቀን ሲካፈል በየቀኑ ወደ 900 ኪሎ ሜትር። «በመቶ ብንበር እንኳ በቀን ዘጠኝ ሰዓት መኪና ውስጥ ነን፤ መቼ ነው የምናየው?» ስትል ጠየቀች።

ጋሼ ሳቁባት። «ሌሊት 10 ሰዓት እንነሳለና!»

ይሄ መልስ የማይፈታው ችግር የለም። የጉዞ ዕቅድ አልሠራ ካለ ሌሊት መነሳት ነው። ሌሊት የተነሳ ሰው መንገዱ ያጥርለታል፤ ጂኦግራፊ ራሱ እንቅልፍ ላይ ስለሆነ አያየውም። ልጅቷ በዚያ አገር ገጠር ውስጥ ከመሸና ሊነጋጋ ሲል ካንጋሮ መንገድ ላይ እንደሚወጣ አነበበች። መኪና አከራዮችም ብዙዎቹ ከከተማ ውጭ በሌሊት መንዳት በውል ይከለክላሉ አለች። ወንድሜ ቀለል አድርጎ አየው። እሱ አይሱዙ ይዞ ጣርማበርን ስንት ዓመት የወጣና የወረደ ነው። «ጅብ ያየ ሰው ሚዳቋ ይፈራል?» አለ። መሪው በቀኝ እንደሆነ፣ መኪናውም ግራውን ይዞ እንደሚሄድ ስትነግረው ደግሞ «ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ ግራና ቀኙን ማን ያያል?» አላት። እውነቱን ነው፤ አብሬው ሄጄ አውቃለሁ።

ለማንኛውም ለወንድሜ የሚመጥን መንገድ አገኘንለት። ወደ ፐርዝ ሲኬድ ናላርቦር የሚባል ሜዳ አለ። ስሙ በላቲን «ዛፍ የለም» ማለት ነው። እዚያ ላይ 146 ኪሎ ሜትር አንድም ኩርባ የሌለው ቀጥ ያለ አስፋልት አለ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ነው። ስለዚህ ከቤቱ ተነስቶ መሪ ሳያዞር አዲስ አበባን ያልፋል። በኩርባ ላደገ ሹፌር ይሄ እረፍት ነው፤ ምናልባትም እንቅልፍ። ፊት ለፊቱ ደግሞ ከ30 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ተሳቢ በተሳቢ የተቀጠለ መኪና ይመጣበታል። «የመንገድ ባቡር» ይሉታል። እኛ አንድ ተሳቢ ደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ ስናይ ስመ ሥላሴ የምንጠራ ሰዎች ነን።

«መንገዱ ቢጠፋችሁስ?» አለች ልጅቷ። ተስፋ አትቆርጥም።

«እንጠይቃለን!» አልናት ሁላችንም በአንድ አፍ።

መጠየቅ ሁለተኛው ምሰሶአችን ነው። ጫጫ ላይ ጠፋብህ? ትጠይቃለህ። ሰላድንጋይ ላይ? ትጠይቃለህ፤ እንዲያውም ቡና ጠጣ ትባላለህ። ናላርቦር ላይ ከአንዱ ማደያ እስከ ሌላው 190 ኪሎ ሜትር የሚደርስበት ቦታ አለ። በመሃሉ ሰው የለም፣ ስልክም ብዙ ቦታ አይሠራም። ምንም አይደለም። ካንጋሮው አገጭ አለው።

ወቅቱን መምረጥ ላይ ብዙ አልቆየንም። ጋሼ ገና ይሻላል አሉ። ልጅቷ የገና ሰሞን እዚያ በጋው እንደሆነ፣ መሃል አገሩ ሙቀቱ 40 እንደሚደርስ፣ ሰሜኑ ደግሞ ዝናብና ጎርፍ እንደሆነ ተናገረች። ለመሃሉና ለሰሜኑ የሚመቸው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ያኔ ቀዝቀዝ ይላል፣ ዝናብም የለም፣ የእኛ ተማሪዎችም ዕረፍት ላይ ናቸው። ጋሼ ገላመጧት። «በክረምት ማን መንገድ ይወጣል? ጭቃውስ?» ገና በሙሉ ድምፅ አለፈ። ጋቢና ካፖርት እንድንይዝም ተወሰነ፤ ደብረ ብርሃን ገና ላይ ይበርዳላ።

በጀቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረስነው። እህቴ ትከፍላለች።

ስንት ሰው ነን የሚለው ግን ትንሽ አከራከረ። ስንጀምር አምስት ነበርን። ቡናው በረካ ሲደርስ አስራ አንድ ሆንን። ስምንት ሰው የሚይዝ መኪና ተከራይተን ልጆቹን እናቅፋለን ተባለ። ልጅቷ እንደገና ስልኳን አየች። የመኪና ቀበቶን ከዓለም መጀመሪያ በሕግ ያስገደደችው ቪክቶሪያ ናት፣ በፈረንጆቹ 1970፤ ሜልቦርን ያለችበት ክፍለ አገር። ሁሉም ሰው የየራሱ ወንበርና ቀበቶ ሊኖረው ግድ ነው። «ታዲያ ትርፍ የማይጫንበት አገር ሰው እንዴት ይተዋወቃል?» አለች እማዬ። ይሄን ጥያቄ እኔም መመለስ አልቻልኩም።

ዋናው ጉዳይ፣ ስንቁ። እዚህ ላይ እማዬ ስብሰባውን ከጋሼ ተረከበች። ንጥር ቅቤ፣ በርበሬ፣ ምጥን ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ የገብስ ቆሎ፣ ተልባ፣ ከአንኮበር በኩል የመጣ ማር። ሻንጣ ሳይሆን ጆንያ ነው የሚበጀው ተባለ። ልብስስ? ልብስ እዚያ አለ።

እህቴ ይህን ስትሰማ ቮይሷ ተንቀጠቀጠ። አውስትራሊያ ምግብ፣ እህልና ዘር ሲገባባት እንደማትቀልድ ነገረችን። ምግብና ዘር መያዛችንን ስንገባ ማሳወቅ አለብን። የደበቀ ይቀጣል። አየር ማረፊያው ውስጥ በሻንጣው መሃል የሚዞር አነፍናፊ ውሻ አለ። «እና በርበሬዬን ያሸታል?» አለች እማዬ። «ያስነጥሰዋ!» እሷ የምትፈራው ለውሻው ነው።

በዚህ አላበቃም። ፐርዝ ያለበት ምዕራብ አውስትራሊያ ክልል መግቢያ ላይ ኬላ አለ። ኬላ ሲባል ሁላችንም ፀጥ አልን፤ ኬላን የማያውቅ ማን አለ? ፈታሹ ግን የሚፈልገው ሌላ ነው። ብርቱካን፣ ቲማቲም፣ ማር። የፍራፍሬ ትልና የንብ በሽታ እንዳይገባባቸው ነው። «መታወቂያ አይጠይቁም?» አሉ ጋሼ። አይጠይቁም። «ከየት መጣህ አይሉም?» ብርቱካን ይዘሃል ወይ ብቻ ነው የሚሉት። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ፍሙን አዩ። ያን ቀን የገረማቸው ነገር ይሄ ብቻ ነበር።

አንድ ጊዜ ደግሞ እኔን አስገርመውኛል። ኡሉሩ ላይ ወጥተው ጠላ ሊጠጡ አስበው ነበር፤ 348 ሜትር ለአንኮበር ዘር ምንም አይደለም። ልጅቷ በፈረንጆቹ ከ2019 ጀምሮ መውጣት እንደተከለከለ አነበበችላቸው። ቦታው ለባለቤቶቹ፣ ለአናንጉ ሕዝብ፣ የተቀደሰ ነው። ይከራከራሉ ብዬ ጠበቅሁ። «ደግ አደረጉ፣ ደብር ላይ ይወጣል እንዴ? ከታች ሆነን እንሳለማለን» አሉ። በዚህስ አልቀልድም።

ማታ እህቴ የራሷን ዕቅድ ላከች። ሜልቦርን እንቀመጥ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች በፈረንጆቹ ከ1919 እስከ 1932 በዶማና በአካፋ የሠሩት የባሕር ዳር መንገድ አለ፣ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሁለት ቀን ወስደን ቀስ ብለን እንየው። ከዚያ በአውሮፕላን ኡሉሩ፣ ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ፐርዝ ላለው ልጅ በቪዲዮ እንደውልለታለን። ሸንጎው አዳመጠ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፈረንጅ አገር ብዙ ስትቀመጥ ጊዜ ፈሪ ሆነች» አሉ። ዕቅዷ በአሥር ድምፅ ወደቀ። አንዷን ድምፅ የሰጠችው ዘጠነኛ ክፍሏ ናት።

እሷው ናት ስንበተን የማይጠየቅ የጠየቀችው። ሰዉ ጫማውን ሲፈልግ፣ በር ላይ ቆማ፣ «ግን አንኮበርን ያየ ማን አለ?» አለች።

ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ነው። ምኒልክ ወደ እንጦጦ ሳይወጡ የነገሡበት ነው። ለቤታችን ማር የሚመጣበት ነው። ጋሼ ዘር የሚቆጥሩበት ነው። እርስ በርስ ተያየን። ወንድሜ በአይሱዙ እስከ ደሴ ይሄዳል፤ ወደዚያ ታጥፎ አያውቅም። እማዬ ሙሽራ ሆና ልትሄድ ነበር፣ ዘነበ። እኔ ስለ አንኮበር ሁለት ጊዜ ጽፌአለሁ።

ጋሼ ኩታቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። አገጫቸውን ወደ ምሥራቅ ቀና አደረጉ።

«አንኮበርማ» አሉ፣ «እቺው ናት! የት ትሄዳለች?»