ቃሉ ላልቶ ነው ጠብቆ? የወሎ ቦታ ስሞች ድምፃቸውም ይመዝገብ

በኮምቦልቻ ዙሪያ ያለው ወረዳ «ቃሉ» ተብሎ ይጻፋል። አገሩን የማያውቅ ዜና አንባቢ «ቃሉን ጠበቀ» እንደሚባለው አላልቶ ያነበዋል። ባላገሩ ግን «ሉ»ን አጥብቆ ነው የሚጠራው። ጥፋቱን ለአንባቢው ብቻ መስጠት አይገባም፤ ፊደላችን የሚላላውንና የሚጠብቀውን ለይቶ አያሳይም። «ገና» የሚለውን ቃል ስናነብ በዓሉ ይሁን «እስካሁን» ዓረፍተ ነገሩ ይነግረናል። የቦታ ስም ግን እንዲህ ያለ ረዳት የለውም። ወሎ ራሱ «ሎ»ው ይጠብቃል። ደሴም ይጠብቃል፤ ደሴት ግን ይላላል። ይህን ያወቅነው ሰምተን እንጂ አንብበን አይደለም። ደሴን አገር ሁሉ ስለሰማት ተርፋለች፤ ሩቅ ያለች ቀበሌ ግን ስሟ የሚደርሰን በወረቀት ብቻ ነው።

ስለዚህ የቦታ ስም መዝገብ ፊደሉን ብቻ ሳይሆን ድምፁንም መያዝ አለበት እላለሁ። ይህ በወሎ ከሌላው አካባቢ ይበልጥ አስቸኳይ ነው፤ ስሞቹ ከአማርኛ፣ ከኦሮምኛ፣ ከአገውኛና ከዓረብኛ ተሸምነዋልና። ለጋምቦና ለገሂዳ ውስጥ ያለው «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ነው። ወረኢሉና ወረባቦ ላይ የምናየው «ወረ» ቤተሰብ፣ ወገን ማለት ነው፤ በኦሮምኛ «ረ» ይጠብቃል። ወረኢሉ በአማርኛ ፈጠን ተብሎ ሲነገር ደግሞ «ወረይሉ» ይሆናል። ቱሉ አውሊያን እንይ፦ «ቱሉ» የኦሮምኛ ኮረብታ፣ «አውሊያ» የዓረብኛ ወሊዮች (ቅዱሳን ሰዎች) ናቸው። ሁለት ቋንቋ በአንድ ስም ተቀምጧል፤ «ሉ»ን አላልቶ የሚያነብ ሰው ኮረብታውን ያጠፋዋል።

ሌላው ችግር የስም መጋራት ነው። ኮምቦልቻ በምሥራቅ ሐረርጌም አለች። ስሙ በኦሮምኛ የዛፍ ስም ነው፤ በአማርኛ አጣጥ የምንለው። ዛፉ በብዙ ቦታ ስለሚበቅል ስሙ መደገሙ አያስገርምም። ቦረና በደቡብ ወሎ መካነ ሰላም የምትገኝበት ወረዳ ነው፤ በደቡብ ኦሮሚያም የቦረና ዞን አለ። ኦሮምኛ ተናጋሪ «ቦ»ን ያስረዝማል። አማርኛ በአናባቢ ርዝመት ትርጉም ስለማይለይ ርዝመቱ በእኛ አፍ ይጠፋል። ውጫሌም እንዲሁ ሁለት ነው፤ አንዱ በሰሜን ሸዋ ሙከ ጡሪ ያለበት ወረዳ፣ ሌላው በደሴና በወልድያ መንገድ ላይ ያለው የአምባሰል ከተማ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውል የተፈረመበት የአምባሰሉ ነው። ጣሊያኖች «ጫ»ን የሚገልጹበት ድምፅ ስለሌላቸው «ኡቻሊ» አሉት፤ መጻሕፍታቸውም እስከ ዛሬ እንዲሁ ይሉታል። ስሙን ከውጭ መጽሐፍ መልሶ የሚተረጉም ሰው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ።

ለመጋራቱ መፍትሔውን ሕዝቡ ቀድሞ አግኝቶታል። ሮቢት በራያ ቆቦ አለች፣ በሸዋም አለች፤ የሸዋዋ «ሸዋ ሮቢት» ተባለችና ነገሩ አለቀ። «ወሎ ቦረና»ም እንዲሁ ነው። መዝገብ ይህን ልማድ ይከተል፤ አዲስ ስም ማውጣት አያስፈልግም።

ድምፁን መሰብሰብ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ትልቁ ስህተት ጠያቂው ስሙን ቀድሞ መጥራቱ ነው። «ይህ ቃሉ ነው?» ብሎ አላልቶ የጠየቀ ሰው «አዎ» የሚል መልስ ያገኛል፤ እንግዳን ማረም ነውር ነውና። «ይህ አገር ማን ይባላል?» ብሎ ዝም ማለት ይሻላል። ከዚያ ስሙን ሦስት ጊዜ በተለያየ አነጋገር መቅዳት፦ ብቻውን፣ «ወደ» ገብቶበት፣ «የ» ገብቶበት። ብቻውን የሚለው አይቀርም። «ወደ አምባሰል» በአፍ «ወዳምባሰል» ስለሚሆን የስሙ መነሻ አናባቢ አይለይም። በወሎ አነጋገር ደግሞ «ከ» በ«ተ» ይተካል፤ «ተሐይቅ መጣሁ» ይባላል። ይህን ያላወቀ መዝጋቢ ስሙን «ተሐይቅ» ብሎ ይጽፋል። ይባስ ብሎ «ተሁለደሬ» ሲሰማ «ተ»ን ቆርጦ ሊጥል ይችላል፤ እዚያ ግን «ተ» የስሙ አካል ነች።

ቢያንስ ሦስት ሰው ይጠየቅ፦ አንድ ሽማግሌ፣ ገበያ የምትወጣ አንዲት እናት፣ አንድ ተማሪ። ተማሪው መጨረሻ ይሁን፤ ከመጽሐፍ ያነበበውን ሊያሰማ ይችላልና። ካልተስማሙ ሁለቱም አጠራር ይመዝገብ። አንዱን «ትክክል» ብሎ ሌላውን መሰረዝ የመዝጋቢ ሥራ አይደለም፤ በተለይ አማርኛና ኦሮምኛ ጎን ለጎን በሚነገሩባቸው በከሚሴና በባቲ አካባቢ። እዚያ አንድ ጥሩ ማመሳከሪያ አለ። ኦሮምኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ቁቤ፣ የሚጠብቀውን ተነባቢ ደርቦ፣ የሚረዝመውን አናባቢም ደርቦ ይጽፋል። ነገር ግን እንደ «ሸ» እና «ኘ» ያሉት በሁለት ሆሄ የሚጻፉ ድምፆች ሲጠብቁ በቁቤም አይደረቡም፤ እነሱን በጆሮ ማረጋገጥ ግድ ነው።

ጽሕፈቱ የራሱ ጣጣ አለው። ሐይቅ፣ ሀይቅ፣ ሃይቅ፣ ኃይቅ ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን አራት ስም። ወልድያና ወልዲያም እንዲሁ። መዝገቡ አንዱን ዋና አድርጎ ሌሎቹን ለፍለጋ ብቻ ቢያስቀምጣቸው አንድ ከተማ አራት ቦታ አትከፈልም። ለማጥበቂያ ደግሞ አዲስ ፈጠራ አያሻም። የሰዋስው መጻሕፍት ከሆሄው በላይ የሚያኖሯት ሁለት ነጥብ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ አለች፦ ቃሉ፟፣ ወሎ፟። ምልክቷ የምትጻፈው ከሆሄው ቀጥላ ነው፤ አስቀድመው ከጻፏት የቀደመው ሆሄ ላይ ታርፋለች። በአንዳንድ የስልክ ቅርጸ ፊደል ደግሞ ባዶ ሳጥን ሆና ትታያለች። ስለዚህ በመዝገቡ ውስጥ ነጥብ ያለበትና የሌለበት በሁለት ዓምድ ይቀመጡ፤ ድምፁ የተቀዳበት ፋይል በሦስተኛው። የመንገድ ሰሌዳ የሚቀባው ባለሙያም ነጥብ ያለበት ዓምድ ተገልብጦ ይሰጠው።