እርማት፦ የልጅ ጥያቄ የእምነት መጥፋት አይደለም

እህቴ፣ «ሰባተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ስለ እግዚአብሔር ጥያቄ ካበዛ እምነቱ እየጠፋ ነው፤ ዝም አሰኝቶ ለሰንበት ትምህርት ቤት መስጠት ነው» ያልሽው ከቅን ልብ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ልክ አይደለም።

ሉቃስ ምዕራፍ 2ን እይው። ጌታችን በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማና ሲጠይቅ 12 ዓመቱ ነበር፤ የእኛ ልጆች ዕድሜ ማለት ነው! ዘዳግም 6ም ቤት ሲቀመጡ፣ መንገድ ሲሄዱ፣ ሲተኙና ሲነሡ ቃሉን እንዲያስተምሩ ያዘዘው ወላጆችን ነው። እዚያው ቁጥር 20 ላይ ልጁ እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ይናገራል፤ ለአባት የተሰጠው መልስም ከግብፅ የመውጣት ታሪክ እንጂ ቁጣ አይደለም። ሰንበት ትምህርት ቤት ያግዛል፣ ግን በሳምንት ጥቂት ሰዓት ነው።

እኔ ከልጄ ጋር የማወራው ወደ ኮዬ ፈጬ በአውቶቡስ ስንመለስ ነው። ጎን ለጎን ስንቀመጥ፣ ፊት ለፊት ሳንተያይ፣ ይቀለዋል። አንድ ቀን «ጸልዬ ነበር፣ አያቴ ግን ሞተች። ለምን?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። «እኔም ይህንኑ ጠይቄዋለሁ» አልኩት። ማታ ዮሐንስ 11ን ከፍተን ጌታ በአልዓዛር ሞት ማልቀሱን አብረን አነበብን። ልጄ ዝም ብሎ ቆየ። በማግስቱ ሌላ ጥያቄ ይዞ መጣ።